አንድ ስልቻ ስልክ

በእኛ ጊዜ እርዳታ ማለት ስንዴ ነበር፣ የሚታይ፣ የሚዘገን፣ ነቀዝ እንኳ የሚያውቀው ስንዴ። መኪና እንጅባራ ያራግፈዋል፣ ከዚያ እኛ በፈረስ ጭነን ወደ ዘንገና እንወስደዋለን፣ መንገድ ላይ የፈሰሰውንም ዶሮ ይለቅመዋል። አሁን ሠለጠንን። አሁን እርዳታ በአየር ይመጣል። ጻፍ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ።

ታዲያ አንድ ክረምት የብዙዎቻችንን ድንች በረዶ ጨረሰው። ጎረቤቴ እታገኘሁ ባሏ የሞተባት ናት፣ ያለቻትም አንዲት ማሳ ናት፣ እና የዘር ድንች ቶሎ ካላገኘች መሬቷን ለእኩል አራሽ ልትሰጥ ነው። ለእኩል የሰጠ ደግሞ መሬቱ በዚያው ነው የሚቀር፣ ታውቀው የለ።

የእርዳታ ድርጅት ነን የሚሉ መጡ። አንዱ ጎረምሳ፣ "አባቴ፣ ከእንግዲህ ጆንያ ቀረ። ገንዘቡ በየስልካችሁ ይገባል፣ መልእክት ሲደርሳችሁ ቁጥር አንድን መጫን ብቻ ነው" አለ።

"ኔትወርኩስ?" አልኩት።

"እሱ ይሻሻላል።"

ይሻሻላል። የእኔም ፀጉር ይጠቁራል።

ኔትወርክ ያለው ከዘንገና ሐይቅ በላይ ጉብታው ላይ ነው። ታዲያ እንደ ልማዳችን አደረግን። ወፍጮ ሲኬድ ሁሉም እህሉን ተሸክሞ ይሄዳል እንዴ? ፈረስ ያለው የሁሉንም ጭኖ ይሄዳል፣ አስፈጭቶ ይመለሳል፣ ሌላው እርሻው ላይ ይውላል። እና እኔም የመንደሩን ስልክ ሁሉ በአንድ ስልቻ ከተትኩ፣ ፈረሴ ላይ ጫንኩ፣ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ስልኮቹ ስልቻ ውስጥ እንደ ጫጩት ሲንጫጩ እያወጣሁ አንድን ስጫን፣ አንድን ስጫን ዋልኩ።

ብንጠብቅ ብንጠብቅ ገንዘብ የለም። እንጅባራ ቢሯቸው ሄድኩ። ያው ጎረምሳ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ቆየና፣ "አባቴ፣ ሲስተሙ ዘግቷችኋል" አለኝ።

"ምን በደልነው?"

"ስልኮቹ ሁሉ አንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ነው የተከፈቱት። አንድ ሰው ብዙ ስልክ ይዞ እያጭበረበረ ነው ይላል። በሲስተሙ እናንተ አንድ ሰው ናችሁ።"

"አንድ ሰው?"

"አዎ፣ አንድ አጭበርባሪ።"

"የተባረከ ማሽን ነው" አልኩት። "ቄሱ አንድ ሁኑ እያሉ ሲለምኑን ዕድሜያቸውን ጨረሱ፣ እናንተ በአንድ ቀን አደረጋችሁን።"

አልሳቀም። "ይጣራል" አለ።

ይጣራል ሲሉ ዝናቡ ሊያልፍ ሆነ። ዝናብ ሲስተም አያውቅ። እታገኘሁ እያለቀሰች እኩል አራሹን አስጠራች፣ እና እኔ ተናደድኩ፣ አልዋሽህም፣ በጣም ተናደድኩ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ "የዚች ሴት መሬት ሲሄድ ቆማችሁ ልታዩ ነው?" አልኳቸው። ታዲያ በረዶ ያልጎበኘው ሁሉ ከቤቱ ቁና ቁና ድንች አመጣ፣ በማግስቱ በደቦ አርሰን ዘራንላት።

ገንዘቡስ? መጣ እንጂ፣ ድንቹ ሲያብብ መጣ። ተጣራ ማለት ነው። እታገኘሁም በገንዘቡ የዘር ድንች ገዝታ ለየቤታችን መለሰች።

ወዲያው ጎረምሳው ካሜራውን አንጠልጥሎ ከተፍ አለ። አበባው መሀል አቆማትና፣ "እማማ፣ ይሄን ድንች በምን ዘሩት?" አላት። እኔ ፈረሴን ይዤ አጠገቧ ቆሜ፣ አሁን ትነግረዋለች ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ። እሷ ግን ዓይኗን ሳታሽ፣ "በእናንተ ገንዘብ ነዋ ልጄ። ለብቻዬ ዘራሁት፣ ማንም አልረዳኝ" አለችው።

ሲሄድ፣ "ምነው እታገኘሁ፣ ትላንት ከቅዳሴ መጥተሽ ዛሬ ትዋሺ?" አልኳት።

"ታዲያ ተረዳድተን ነው ልበለው? ደግሞ አንድ ሰው ናችሁ ብሎ ይዝጋን?"

ፎቶዋ አሁን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ "ራሷን የቻለች ሴት" የሚል ተጽፎበታል።

"እርስዎስ የሉበትም አያ?" አልከኝ?

እኔን ቆርጠውኛል። ግን ሄደህ ዳር ዳሩን ብታይ የፈረሴ ጅራት አለ፣ እሱን ረስተውታል። ሃ ሃ ሃ።