ከመልእክቱ ላይ የተነሳው ቁልፍ

በገዛ እጄ የሠራሁትን ቁልፍ በገዛ እጄ አስነቀሉኝ። ከገሳይ ጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት በስልክ የሚልክ ፕሮግራም ሠርቼ፣ መልእክቱን ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ኤሊፕቲክ ከርቭ በሚባል ሒሳብ ቆልፌው ነበር፤ ሌላው መቆለፊያ ለተራ ስልክ ይከብዳል። ሥራውን በገንዘብ የሚረዳው ድርጅት ጠበቃ ደወለ። «በዚህ የመቆለፊያ ስልት ላይ የሰው የፈጠራ መብት ሳይኖርበት አይቀርም፤ አውጣው።» «የማን?» አልኩት። «እሱ አልተጣራም። እስኪጣራ ሳይቆለፍ ይላክ።» ብከራከርም አልሰማኝም።

ብዙም ሳይቆይ፣ የጤና ጣቢያው ስልክ ለጥገና ሲገባ የአንዲት ሴት ውጤት በጠጋኙ ተነብቦ ገበያው ሁሉ ሰማው። ባሏ ከቤት አስወጣት። ገሳይ መንገድ ዳር ጓዟን ይዛ መኪና ስትጠብቅ አገኘኋትና ቁልፉ ለምን እንደተነሳ አስረዳኋት፤ የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል ተብሎ ነው አልኳት። «ሚስጥሩስ የማን ነበር፣ ወንድሜ?» አለችኝ። መኪናው መጣ። ጓዟን ላንሳላት ብል እጄን ገፋችው።