ሦስተኛው እልልታ

ወልድያ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ የኪራይ ክፍል፤ እማዋይሽ ከመደቧ አልተነሳችም፣ ታናሽ ወንድሟ ይርጋ ጋቢውን እንደተከናነበ ፊቷ ቆሟል።

ይርጋ፦ በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ እትዬ፣ አንዴ ስሚኝ!

እማዋይሽ፦ የእናታችንን አጥንት ተወው። ልብሴን ሰብስበህ ስታስወጣኝ ለምን አልያዝክበትም?

ይርጋ፦ ስንዱ ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ ደግሞ፣ አንቺን እያየች ከከረመች ልጁ...

እማዋይሽ፦ ጨርሰው እንጂ! "እንደሷ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ይወለዳል" አሉ። ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። የተሰነጠቀው አፌ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው።

ይርጋ፦ ወልዳለች።

እማዋይሽ፦ እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት። ምን ተገኘ?

ይርጋ፦ ሴት።

እማዋይሽ፦ ታዲያ የልጅ አባት እንዲህ ይጠቁራል? እልል አልተባለላትም?

ይርጋ፦ ተጀምሮ ነበር። ከሆስፒታል ይዘናት ስንገባ ጎረቤቶቹ ሁለቴ እልል እንዳሉ አማቴ ፊቷን ገለጡት። ሦስተኛውን ማንም አላለላትም።

እማዋይሽ፦ ወይኔ! እንደኔ ናት?

ይርጋ፦ ካንቺም ይብሳል። የላይኛው ላንቃዋም ክፍት ነው። ጡት ትይዛለች፣ ግን መሳብ አትችልም። የዋጠችው ሁሉ በአፍንጫዋ ይመለሳል።

እማዋይሽ፦ እኔ እዚህ፣ ስንዱ እዚያ። በየትኛው ዓይኗ አየችኝ?

ይርጋ፦ ማየት አይደለም። ሐኪሙ አንዳንዴ በዘር ይመጣል አለን። በኔ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

እማዋይሽ፦ ጉድ እኮ ነው! ታዲያ አንተንስ አላስወጡህም?

ይርጋ፦ ስደቢኝ፣ ይገባኛል።

እማዋይሽ፦ ሐኪሙ ይህን ብቻ ብሎ ሰደዳችሁ?

ይርጋ፦ ኪሎ ስትጨምር በቀዶ ሕክምና ይሰፋላታል አለ። እስከዚያ የእናቷን ወተት እያለባችሁ፣ ቀና አድርጋችሁ፣ ትንሽ ትንሽ አጠጧት ብሎ በእጁ አሳየን። የሚያጠጣት ጠፋ እንጂ! ስንዱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አማቴ "እግዜር የሰጣትን ራሱ ይውሰዳት፣ አታሰቃዩዋት" ይላሉ። እኔ አነቅኳት ብዬ እየፈራሁ እተወዋለሁ።

እማዋይሽ፦ እሳቸው እንዲህ ይላሉ። አንተስ?

ይርጋ፦ እኔማ...

እማዋይሽ፦ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ፣ ይርጋ።

ይርጋ፦ ትናንት አንድ ጊዜ፣ ብትሞት ይሻላት ነበር ብዬ አሰብኩ። አድጋ ሰው እየሸሸች፣ ቤት ተዘግቶባት ከምትኖር...

እማዋይሽ፦ እንደኔ ከምትኖር።

ይርጋ፦ እንደሱ ማለቴ አይደለም እትዬ!

እማዋይሽ፦ ነው እንጂ። ግን እኔ እኮ ኖሬያለሁ፣ ወንድሜ። የሰው ሠርግ ላይ ጓዳ ሲያስቀምጡኝ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም። ደግሞም ስቄያለሁ፤ በልቻለሁ፤ አንተን አዝዬ ገበያ ለገበያ ዞሬያለሁ። አንድም ቀን ባልተወለድኩ ብዬ አላውቅም። እኔን ሳትጠይቅ ነው ያዘንክልኝ።

ይርጋ፦ ይቅር በይኝ።

እማዋይሽ፦ ይቅርታውን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ቤትህ ግን አልመጣም፤ ሞቼ እገኛለሁ!

ይርጋ፦ ቤት ነይ አላልኩሽም።

እማዋይሽ፦ ታዲያ ምን ፈልገህ ነው? ቆይ... ከገባህ ጀምሮ ጋቢህ ውስጥ ያቀፍከው ምንድነው?

ይርጋ፦ ተኝታ ነው። አሁንማ ማልቀሱንም ትታዋለች። የስንዱን ወተት በጠርሙስ ይዣለሁ።

እማዋይሽ፦ አንተ ሰው! እኔን ያስወጣኸው አልበቃህ ብሎ እሷንም ልትጥላት ነው የመጣኸው?

ይርጋ፦ እዚያ ከዋለች ትሞትብኛለች። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።

እማዋይሽ፦ ወዲህ በላት! አንገቷን ደግፍ፣ እንዲህ አይደለም... ወይኔ ልጄ፣ እንዴት ነው እንዲህ የቀለልሽው? ከንፈሯ እኮ ደርቋል! ጠርሙሱን አቀብለኝ።

ይርጋ፦ እትዬ፣ ሲሻላት መጥቼ እወስዳታለሁ።

እማዋይሽ፦ ወተቱን ጠዋትና ማታ አምጥተህ ደጅ ላይ ታስቀምጣለህ። አሁን ልጄን ብርድ እያስመታህብኝ ነው፤ ውጣና በሩን ከውጭ ዝጋልኝ።