የግድግዳ ወዳጅ

ነይ ሙሽራዬ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይልኝ። እንዲህ… ቁሚ። ቀሚሱ አምሮብሻል፤ ወገቡን ትንሽ ባጠበው ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ሥራሽ እንዴት ነው? አሁንም ጎህ ሳይቀድ ነው አውቶብስ ፌርማታ የምትቆሚው? አይ የነርስ ነገር፣ የሰው ጉንፋን ልታስታምሚ ስትወጪ የራስሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ኪስ ይውጣለት ያልሽው በቀኝ በኩል ነው አይደል? ምን ያህል ይሁን? ትንሽዬ… እሺ። አንዲት ነገር ብቻ የምትይዝ። ምን ልትከቺበት ነው አልልሽም። ልብስ ሰፊ ስለ ኪስ ይጠይቃል እንዴ?

ለካ ባልሽ እዚህ ሶፋው ላይ የመኪና ጌሙን እየተጫወተ ነው። አባባ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ እሳቸው ፊት ይነዳ የለ፣ እየተለማመደ ነው። አንረብሸው። እኔና አንቺ የራሳችንን ወሬ እናውራ። የማወራሽም ስለ ሌላ ሰው ነው፣ አታውቂውም።

አንድ የማውቀው ሰው አለ… መኪና ሲነዳ ብታዪው። ጌም ላይ ማለቴ ነው። ያቺን ከተማ ውስጥ የምትዞረውን ውድድር፣ መንገዷ ከኮሪደር የማይሰፋውን፣ ግራና ቀኟ ሁሉ ቤትና ግንብ የሆነውን፣ እሷን እሱ እንደሚነዳት ማንም አይነዳትም። ሌላው ሰው መታጠፊያ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። እሱ ምን በወጣው? ግንቡ እያለለት ፍሬኑን ለምን ይጨርሳል? ሄዶ ግንቡን ደገፍ ይላል፣ ታክኮት ይዞራል፣ ይወጣል። ሁሉንም ይቀድማል፣ አይካድም። ጌሙ ውስጥ መኪናው እንዳይጎዳ የምታደርግ ነገር አለች አሉ፤ እሷን አንዴ አብርቷት ከዚያ ወዲህ አልነካትም። ምን ያድርግ ታዲያ? መኪናው የማይጎዳለት ሰው… መንዳት መማር ምን ይሠራለታል?

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል አይደል? ውሸት ነው። ጆሮ ቢኖረው ኖሮ ያ ሰው ሲመጣ ሰምቶ ዞር ይልለት ነበር።

ቀጥ በይ፣ መርፌው እንዳይወጋሽ።

እና ይሄ የማውቀው ሰው አባት አሉት። ልክ እንደኛ አባባ ዕድሜያቸውን አውቶብስ መሪ ላይ የጨረሱ ሽማግሌ። ልክ እንደ አባባ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው መኪናቸውን ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሰው ያቆሙ። ሰውና ሰው እንዴት ይመሳሰላል፣ አይገርምሽም? ልጆቹ ቁልፉን ለኔ ለኔ ሲሉ አባትየው ምን አሉ መሰለሽ? «ያቺን የጠበበች መንገድ አንዲት ዙር፣ ግድግዳ ሳይነካ ለዞረ ነው የምሰጠው። የኛ ቅያስ ከሷ ይጠባል። እዚያ የጨረፈ፣ እዚህ የጎረቤት አጥር ይዞ ነው የሚገባው» አሉ። ያቺን እንዳይጎዳ የምታደርገውንም አስጠፏት። ቀልዳቸውን መስሎን ነበር። መሪ ላይ ያረጀ ሰው ግን በመሪ አይቀልድም።

መጀመሪያ እህቱ ሞከረች። እህት አለችው፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሸጋ ሴት። ገና ከመነሳቷ የአደባባዩ ፏፏቴ ውስጥ ገባች። ስቃ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እሷ እንኳ አቅሟን ታውቃለች።

ሰውየው ግን… ሰውየው እኮ አስቀድሞ ለመሪው ልብስ ገዝቶለታል። መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል ሽቶም ገዝቷል። ለጓደኞቹ ሁሉ «ከእንግዲህ በእግር መሄድ ቀረ» ብሎ አውርቷል። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ሰምተሻል? የሱ ላም ሰማይ ላይ እንኳ አይደለችም፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ወተቷን ነው እንጂ ያላየው።

ትናንት ቤተሰቡ ተሰብስቦለት ነዳ። እውነቱን እንናገር፣ ያምር ነበር። ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት፣ መኪናው ቀጥ እንዳለ ያዘ። በዝግታ ገባ። አፍንጫው ወደ መውጫው ሲዞርለት ነዳጁን ቀስ አድርጎ ሰጠ። ግንቡ አጠገብ አጠገቡ እያለፈ አልነካውም። አባትየው ከወንበራቸው ወደፊት ጎንበስ አሉ። እኔም… ማለቴ እህትየውም ጨርቋን አስቀምጣ ልቧ ተንጠለጠለ። የመጨረሻዋ መታጠፊያ ብቻ ቀረች። እና እዚያች ላይ ምን አደረገ? ዞር ብሎ ሚስቱን «አየሽኝ?» አላት።

አየችው። ግድግዳውም አየው።

የድሮ ሰዎች ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይሉ ነበር። ሴት ያየችው ደግሞ ግድግዳ አይፈራም ማለት ነው። ፍቅር ነው እኮ፣ ምን ይፈረድበታል? ከዚያማ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። ጆይስቲኩ ነው ተባለ። ቀጥሎ መስኮቱ፤ ፀሐይ ዓይኑን ወጋችው። ቀጥሎ የሶፋው ትራስ፤ ለስላሳነቱ በዛበት። ያልተወቀሰ ቢኖር ግድግዳው ብቻ ነው። ለወዳጅ ማን ክፉ ይናገራል? አባትየው አንጀታቸው አልችል ብሎ «ነገ ድገመው» አሉት። አባት አይደሉ?

ይኸው፣ ኪስሽን እያየሽ ስሚኝ። ኪስ ማለት ጥጉ ነው። ቀጥ ያለውንማ ማን ይስተዋል? ጥጉ ጋ ስትደርሺ እግርሽን ከፔዳሉ ቀለል ታደርጊያለሽ፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ ተክለሽ ትተዪና ጨርቁን ታዞሪያለሽ። ዓይንሽ ደግሞ የሰፋሽው ላይ አይደለም፣ የምትሰፊው ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሲሮጡ የሰፉት ኪስም ቁል… ሳንቲም ያፈሳል።

ምንድነው ድው ያለው? … አይ፣ የጎረቤት በር ነው መሰለኝ። ይኸው ደግሞ። ዛሬ ያ በር አላረፈም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በፍጥነት ሲሆን እንቁላሉ ምን እንደሚሆን… ለነርስ አይነገርም።

አትሳቂ፣ ስፌቱ ይጣመምብኛል። እኔ እኮ ያንን ሰው እወደዋለሁ። እህቱ አዝላ ነው ያሳደገችው። ድክ ድክ ሲል ግድግዳ ይዞ ነበር የሚሄደው፣ ሲያምር። ሁሉም ልጅ በግድግዳ ነው የሚጀምረው። ሌሎቹ ትንሽ ቆይተው ይለቁታል እንጂ።

ይልቅ አንቺ ዛሬ ጠዋት… ባልሽ አዲስ ጆይስቲክ ሊገዛ እንደወጣ፣ አባባ «እስቲ አንቺም ሞክሪያት ልጄ» ሲሉሽ፣ እጅሽን ጠርገሽ ቁጭ ብለሽ… በሽተኛ የተኛበትን አልጋ በጠባብ ኮሪደር እንደምትገፊው ቀስ ብለሽ ገብተሽ፣ ቀስ ብለሽ ወጥተሽ፣ የማንንም በር ሳትነኪ ዞረሽ ስትመለሺ… እኔ ያኔ ነው ደስታዬ የመጣው። ጊዜውንማ አትጠይቂኝ፣ ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ ጨርሻለሁ። ግን አባባ ቁልፉን ከደረት ኪሳቸው አወጡና መዳፍሽ ላይ አስቀምጠው ጣቶችሽን አጠፉልሽ። «መኪናዬ ሰው አገኘች» አሉ።

ውይ… አልነገርሽውም እንዴ?

እኔ ደግሞ የነገርሽው መስሎኝ ነው። ምላሴ ይቆረጥ። ጌሙስ ምነው ጸጥ አለ? ይጫወት በይው፣ ምን ቸገረው፣ የምናወራው ስለማያውቀው ሰው ነው።

በይ፣ ኪሱ አለቀ። እስቲ ቁልፉን ክተቺበት… ልክክ አለ። ነገ ፌርማታ የለ፣ ብርድ የለ። የመሪውን ልብስና ሽቶውንም አንድ ደግ ሰው ቀድሞ ገዝቶልሻል፣ ምን ጎደለሽ?

ለዚያ ለማውቀው ሰውም እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። የሚደገፈው ግድግዳ አያሳጣው። ላንቺ ላንቺማ… ባልሽን ከጎንሽ አይለይብሽ። ቀበቶውን አስሮ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንቺ መንገዱን እያየሽ፣ እሱ አንቺን እያየ፣ አብራችሁ አርጁ። አሜን በይ እንጂ።