ጀርባ ገልጠው አይተው የመሰከሩት የወይዘሮ ዘሊካ ሙሐሲን ዜና ሕይወት

እኅታችን ወይዘሮ ዘሊካ ከአባታቸው ከአቶ ሙሐሲን ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሩቅያ ዒሳ በ1963 ዓ.ም. በወሎ ደጋን ተወለዱ። ትምህርታቸውን ኮምቦልቻ ካጠናቀቁ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ሙያ ሠልጥነው በአንድ የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ስምንት ዓመት አገልግለዋል፤ በሽተኛን ከኋላ፣ ከጎንና ከፊት እያቆሙ፣ ጆሮ ከትከሻ፣ ትከሻ ከዳሌ፣ ዳሌ ከቁርጭምጭሚት እንዴት እንደሚሰለፍ እየተመለከቱ፣ «ሰው ወዶ አይጎብጥም፤ ምን እየሸሸ እንደሆነ ጠይቁት» ብለው ጀማሪዎችን ያስተምሩ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. አቶ ሐሰንን አግብተው ሙንተሀን ወለዱ። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩአቸው፣ ልጃቸውን ለማሳደግ በ1994 ዓ.ም. ወደ ኩዌት መጡ፤ በሙያቸው ሊቀጥራቸው ቃል የገባው የግል ክሊኒክ ግን የምስክር ወረቀታቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መጥረጊያ አስጨበጣቸው።

በ1998 ዓ.ም. ሰኪና የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ጋር ወደዚያ ክሊኒክ መጣች። ማዳሟ «የምትጣመመው ከስንፍና ነው» አለች፤ የክሊኒኩ ባለሙያም በልብሷ ላይ አይቷት ሲያበቃ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» ብሎ፣ የአቋም ጉድለት ሲል ጻፈ። ወይዘሮ ዘሊካ መጋረጃውን ጋርደው ጀርባዋን ቢገልጡ፣ አከርካሪዋ መሀል አውራ ጣት የሚያህል ጉብታ አገኙ፤ ሌሊት ላብ እንደሚያጠምቃትና ሰውነቷም እየከሳ መሄዱን ከአፏ ሰምተው፣ «ይህ አጥንት የሚበላ በሽታ ነው፤ ዛሬውኑ ራጅ ትነሣ» ብለው ለባለሙያው ነገሩት። መልሱ «አንቺ ወለልሽን ጥረጊ» የሚል ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ሰኪና ሁለት እግሮቿ ከድተዋት በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አገሯ ተላከች። ወይዘሮ ዘሊካ ይህን በሰሙ ዕለት፣ ክሊኒኩ በበሽተኛ በተሞላበት ሰዓት መሀል ቆመው የሆነውን ሁሉ በዓረብኛ ተናገሩ፤ በዚያው ቀን ተባረሩ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ኢቃማም ተሰረዘ።

ከዚያ ወዲህ አርዲያ በሚባለው ሰፈር በተከራዩት ክፍል፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት የሚያገኙ እኅቶችን ጀርባ ያዩ ነበር። ከእነዚህ እኅቶች አንዷን፣ ፈትያን፣ በጊዜ ወደ ሆስፒታል የላኳት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ እዚህ ለቅሶ ላይ በእግሯ መጥታ ተቀምጣለች። በራሳቸው ላይ ሳል ሲጠናባቸው ግን «ወረቀት የለኝም፤ ከተያዝኩ ዓርብ የሚመጡትን ማን ያያቸዋል» እያሉ ቤት ተኙ፤ በየካቲት 2001 ዓ.ም. በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

አላህ የወሰነው ነው እያሉ የሚያጽናኑን አሉ። ሞት የአላህ ውሳኔ መሆኑን እናምናለን፤ ኢቃማቸውን የሰረዘው እጅ ግን የሰው እጅ ነው፣ የሰውየውንም ስም እናውቃለን።

ወይዘሮ ዘሊካ እናታቸውን ወይዘሮ ሩቅያን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን ሙንተሀንና ይህን የማነብላችሁን ወንድማቸውን ዓብዱልባሲጥን ትተው ሄደዋል። ሰኪናም አልጋ ላይ ሆና በሕይወት አለችና ከቀሩት ጋር ትቆጠር። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ነፍሳቸውን በጀነት ያሳርፍ፤ እኛንም እንደ እሳቸው አይቶ ዝም ከማይል ወገን ያድርገን።