አንድ ቀን የማይጠብቅ ባቡር

ወደ ካሰል ከተማ የሚሄደው ባቡር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ መግባት ነበረበት፤ አልገባም። ቬንዴሊን ራውሽ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩና መልሰው ከተቱ፤ ወዲያው ደግሞ አወጡ። በዚህች በኤልደንባህ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሹም ሆነው ሲያገለግሉ ባቡር የዘገየባቸው ሰባት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰባቱንም ከነምክንያታቸው በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ቆባቸውን ዛሬም አልጣሉትም።

“ከሰል እኮ የለም” አለች በአግዳሚው ወንበር ጫፍ የተቀመጠች ወጣት ሴት። “ያለችውም ለጦርነቱ ካሳ ወደ ፈረንሳይ ትሄዳለች።”

“መሄዷንም አውቃለሁ፣ ለምን እንደምትሄድም አውቃለሁ” አሉ ሽማግሌው። “ያልተሸነፈ ጦር በገዛ ወገኑ ከኋላው ተወግቶ ነው!”

ይህ ንግግር በዚያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓመት በጀርመን አገር ሰው በተቀመጠበት ሁሉ ይሰማ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። ወጣቷ ኦቲሊ ብሬም ግን ካሰል ውስጥ ታሪክ የምታስተምር ነበረችና ዝም ማለት አልሆነላትም። ቢሆንም ታላቅን በክብር ማናገር ታውቃለች።

“ለጉዳይ ነው የሚሄዱት፣ ጌታዬ?”

“ለፊርማ ነው። ልጄ ሉድገር ሊዋጉ ወደ ምሥራቁ ድንበር ከሚዘምቱት ፈቃደኛ ወታደሮች ጋር ሊሄድ ነው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ ያለ አባት ፊርማ አይቀበሉትም። እስከ ስድስት ሰዓት ከፈረምኩ ማታ ይነሣሉ። እሱ ቤት ጓዙን እያሰረ ነው።”

“ሌላ ልጅ አለዎት?”

“ታላቅ ወንድሙ ከጦርነቱ ሳይመለስ ፈረንሳይ ምድር ቀርቷል።”

ባቡሩ እንደሆነ ድምፁም አይሰማም።

“ጦርነቱ የተጀመረ ለታ እዚሁ ነበሩ?” ስትል ኦቲሊ ጠየቀች።

የሽማግሌው ፊት በራ። “ወዴት እሄዳለሁ! የክተቱ ሰሌዳ፣ የትኛው ባቡር ጦሩን በስንት ሰዓት እንደሚያነሣ የተጻፈበት፣ በብረት ሣጥኔ ውስጥ ታሽጎ ነበር የሚቀመጠው። ትእዛዙ ሲመጣ ከፈትኩት። ከዚያማ በየአሥር ደቂቃው አንድ ባቡር! ሰው፣ ፈረስ፣ መድፍ፣ ሁሉም በተራው። አንዲት ደቂቃ አላባከንኩም።”

“ንጉሠ ነገሥቱ ‘አንድ ቀን ጠብቁኝ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው’ ቢሉዎትስ ኖሮ?”

“አንድ ቀን!” ቬንዴሊን ሳቁ። “አንቺ ልጅ፣ ባቡር መሳፈር እንጂ መላክ አታውቂም። አንድ ቀን ቆምን ማለት የኋላው ሁሉ ይደራረባል፤ ፈረሱ እዚህ፣ መኖው እዚያ። እስከዚያ ሩሲያ ትቀድመናለች። የማይሆን ነገር ነው።”

“ንጉሡም የተባሉት ይህንኑ ነው። ፈረንሳይን ትተን ወደ ሩሲያ ብቻ እንዝመት ሲሉ የጦር አለቆቹ ‘ሰሌዳው አይፈቅድም’ አሏቸው።”

“ልክ ናቸዋ!”

“ጉዱ እኮ ልክ መሆናቸው ነው። የኦስትሪያ ልዑል ሳራየቮ ላይ ተገደለ፤ ኦስትሪያ ሰርቢያን ካልቀጣሁ አለች። እኛም ‘በርቺ፣ ከጎንሽ ነን’ አልናት። ሩሲያ ለሰርቢያ ቆመች፣ ፈረንሳይ ደግሞ የሩሲያ ወዳጅ ናት። የእኛ ሰሌዳ ፈረንሳይን ቶሎ ለመምታት ምንም ባላደረገችን በቤልጅግ በኩል አለፈ፤ በዚህ እንግሊዝ ገባችበት። ዱሮም መርከቦቻችን መብዛታቸው አልተመቻትም ነበር። ቅናቱም፣ ኩራቱም፣ የመሬት ስስቱም አለ። ነገር ግን ሁሉም አብልጦ የፈራው መቀደምን ነው። ጥቂት ቀን ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ጠፋ።”

“ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው ልትዪኝ ነው?”

“አይደለም፤ ሁሉም ድርሻ አለው። የእኛ ሰሌዳ ግን ከሁሉም የቸኮለ ነበር።”

ቬንዴሊን ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሲኮሩበት የኖሩት ነገር ሲነካባቸው ቆሽታቸው አረረ፤ ግን የባቡር ነገር ነውና ሐሰት ነው ማለት አልቻሉም። ስለዚህ ወደ ሌላው ዞሩ።

“ይሁን፣ አጀማመሩ እንዳልሽው ይሁን። አወዳደቁስ? ጦራችን በሰው አገር ላይ ቆሞ ሳለ መርከበኞቹ አመፁ፣ ሴቶቹ ዳቦ ብለው ጮኹ፤ በዚህ ነው ያለቀልን!”

“እርስዎ የሰዓት ሰው ነዎት” አለች ኦቲሊ ፈገግ ብላ። “የጦር አለቆቹ ራሳቸው ጦርነቱ እንዲቆም ማስለመናቸው በቴሌግራፍ የደረሰዎት መቼ ነው?”

ሽማግሌው ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ዋሽተው አያውቁም። “ኦክቶበር በገባ በአምስተኛው ቀን” አሉ።

“የመርከበኞቹስ አመፅ?”

“እሱ... ወሩ ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት።”

“ታዲያ ኋላ የመጣው ባቡር ፊተኛውን እንዴት ብሎ ከሐዲድ አወጣው?”

ቬንዴሊን “እንግዲያ ማን ጣለን?” አሉ።

“ረሃብ፣ ድካምና የጠላት ጦር ብዛት። እንግሊዝ ባሕሩን ዘጋች፤ ስንዴውም ማዳበሪያውም ቀረ። እኛም በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ያገኘነውን ሁሉ ስናሰጥም አሜሪካን በገዛ እጃችን ጎትተን አመጣናት። በመጨረሻው በጋ ጠግቦ ያደረ የአሜሪካ ወጣት በቀን ወደ አሥር ሺህ ከመርከብ ይወርድ ነበር። የእኛዎቹ የእንግሊዝን ስንቅ ቤት ሲማርኩ ማጥቃቱን ትተው ለመብላት ይቀመጡ ነበር። አጋሮቻችንም ተራ በተራ ወደቁ። ደግሞስ አሳማዎቹን ያስታውሷቸዋል?”

“አስታውሳለሁ” አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። “ሊቃውንቱ ‘አሳማ የሰውን ድንች እየበላ ነው፣ ይታረድ’ አሉ። የጫንኳቸው እኔ ነኝ። እነሱንም በሰዓታቸው ነው የላክኋቸው። ሥጋው በየመጋዘኑ ተበላሸ። ስብ ጠፋ፣ ፍግ ጠፋ፤ በዓመቱ ድንቹም በዝናብና በበሽታ አለቀ። ለላም የሚሰጠውን ሥራሥር በላን።”

“ያን ጊዜ ነው ሴቶቹ የጮኹት። ከዚህ ከተማም የጮኹ ነበሩ?”

ቬንዴሊን ወደ ሐዲዱ አዩ።

“ባለቤቴ ዋልቡርጋ ነበረች። ባዶ ድስት ይዛ ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ላይ በማንኪያ ስትደበድብ አየኋት። እኔ የመንግሥት ሹም ነኝ፤ አፈርኩባት። ሦስት ሳምንት አላናገርኳትም። የራሷን ድርሻ ለሉድገር እየሰጠች ጾሟን እንደምታድር አላወቅሁም። በረዶው ሳይቀልጥ ሳንባዋን ታመመች፤ አልተነሣችም።”

“ከኋላ ወጉን የሚሉት እሷን ነው፣ አባቴ?” አለች ኦቲሊ በለሆሳስ።

“እሷንማ አልልም!” ብለው ጮኹ፤ በጣቢያው ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ዝቅ አድርገው “እሷንማ እንዴት እላለሁ” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ታዲያ ታላቁ ልጄ በከንቱ ሞተ ልበል?”

“እሱን አላውቅም። የእኔም ወንድም እዚያው ነው የቀረው፤ ለእናቴም የምላት አጥቻለሁ። ሉድገር ግን በሕይወት አለ። አሁን የሚሄደው እርስዎ ‘ከኋላ ተወጋን’ ብለው የነገሩትን ሊበቀል ነው። ስለ እናቱ ነግረውታል?”

“ጉንፋን ነው ያልኩት።”

ባቡሩ በሃምሳ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ እያቃሰተ ገባ። ቬንዴሊን የኦቲሊን ሻንጣ አንሥተው አቀበሏት፤ እሳቸው ግን እግራቸውን ደረጃው ላይ አላሳረፉም።

“ሹም ራውሽ!” አለ ትኬት ተቆጣጣሪው እየሳቀ። “ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሊያስረፍዱን ነው?”

“ያለ እኔ ሂዱ” አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው “ልጄ፣ ዛሬ ይህ ባቡር በሰዓቱ ቢመጣ ኖሮ ፈርሜ ነበር” አሏት።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ነገሥታትና ጄኔራሎች አንድ ቀን መታገሥ አቅቷቸው የስንት ሚሊዮን ወጣት ደም ፈሰሰ፤ በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ግን ከሰል ጠፍቶ የተገኘች ሃምሳ ደቂቃ አንድ ልጅ አተረፈች። ቁጣው ሳይበርድ ከመፈረም ቆይቶ መጠየቅ ይሻላል። ሕዝብም ለምን እንደ ወደቀ በትክክል ካላወቀ በዚያው ቦታ ተመልሶ ይወድቃል። በደለኛ ያገኘ መስሎት የተራቡትን ከከሰሰ ደግሞ የገዛ ሚስቱን መክሰሱ ነው።

ሉድገር ጓዙን አስሮ ደጅ ላይ ይጠብቅ ነበር። “ፈረሙ?” አለ።

“አልፈረምኩም። ግባና ተቀመጥ፤ ስለ እናትህ የደበቅሁህ ነገር አለ።”

ልጁ ሁሉንም ሰማ፤ አመነም አላመነም፣ በጣም ተቆጣ። ጓደኞቹ ማታ ሲሄዱ ከመስኮት ሆኖ አያቸው። ሦስት ቀን አባቱን አላናገራቸውም። ቬንዴሊን ግን ዝምታን በዝምታ መመለስ ምን እንደሚያስከትል ያውቁ ነበርና ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደርክ?” ማለታቸውን አልተዉም።

በአራተኛው ቀን ሉድገር ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ዕቃዎች ሲመለከት ቆየ።

“የትኛው ድስት ነበር?” አለ።

አባቱ ተነሡና ጎኑ የተሰረጎደውን አውርደው ሰጡት።