«የኔ ቢጤ ነው!»

የምወደው ታደሰ ሽማግሌ የላከብን ቀን፣ እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ጠርዝ አሾልቃለሁ። አባቴ የጎጃም ሰው ነው፤ ቦንጋ በመምህርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ። ዋናው ሽማግሌ ደግሞ ጋሽ ቆጭቶ ናቸው፤ የተከበሩ የማር ነጋዴ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ለመሆኑ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ።

ጋሽ ቆጭቶ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ስለሱ አያስቡ፤ የኔ ቢጤ ነው!» አሉ። እንደኔው ጨዋ ነው ማለታቸው ነበር።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «ልጄን ለየኔ ቢጤ? ቤተክርስቲያን ደጅ እጁን ለሚዘረጋ?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መጋረጃውን ገልጬ፣ «አባዬ፣ ኧረ ለማኝ አይደለም፤ ባጃጅ አለው!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌ ፊት ወጥታ የምትጮህ ልጃገረድ የት ታይቶ ይታወቃል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ቆጭቶ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን አዩ። «‹የኔ ቢጤ› ማለት ለማኝ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው!» አለ አባቴ።

«እንግዲያውስ አልተሳሳትኩም። እኛስ ልጅዎን ልንለምን አይደል የመጣነው?»

አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እንባውን እየጠረገ ተመልሶ ተቀመጠና፣ «በሉ ተጫወቱ» አላቸው። «ከደጄ የኔ ቢጤ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም።»