አንቱታ የማያውቀው ራዲዮ
ሰው «ስልኬ ሰደበኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የአቃቂዋ ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ የራዲዮ አፕ የጫንኩበትን ስልካቸውን ይዘው ሱቃቸው በር ላይ ጠበቁኝ። «ይሄ ባለጌ! ‹ኢንተርኔትህን አብራ› ይለኛል። ወንድ ነኝ? ደግሞስ እኩያው ነኝ?» የአፑን ኮድ ማንም አርሞ መላክ ስለሚችል «ኢንተርኔትዎን ያብሩ» ብዬ አስተካክዬ ላክሁ። ውጭ አገር ሆኖ እርማቱን የሚያጸድቀው ሰው «ትርጉሙ ያው አይደል? ምኑ ተበላሽቶ ነው?» ሲል ጻፈልኝ። «ጎረቤቴ ተቀይመዋል» አልኩት። ወዲያው እርማቱን ተቀበለኝ።

አዲሱን አሳይቼ ውጭ አገር ያለ ሰው እንደፈቀደው ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ይሄን የፈቀደውን ልመርቀው፣ ዕድሜው ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ እትዬ፣ ፊቱንም አይቼው አላውቅ።»

«ካላወቅናቸውማ አንቱ ናቸው። ‹ይባረኩ ብላለች› በልልኝ።»